ዘር ጠላቱን ለይቶ መያዝን እንዴት ተማረ?

(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ እንጅባራ አካባቢ ሲደርስ፥ ከዋናው መንገድ አጠገብ ዘንገና የተባለውን ሐይቅ ያገኛል። ዘንገና ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት አፍ ላይ የተጠራቀመ ውኃ ስለ ሆነ፥ መልኩ ክብ፥ ዳርቻውም ገደልና ዛፍ ነው። ሐይቁን ለማየት ከመኪናው የሚወርድ እንግዳ ብዙ ነው። በአቅራቢያው ካለው የአገው ገበሬ ቤት ገብቶ ጎተራውን ገልጦ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ሐይቁን ለጎብኚዎቹ ትተን ወደ ጎተራው እንገባለን፤ በዚያ ያለው እህል ከሐይቁ ያላነሰ ጥንታዊ ታሪክ አለውና።

በዘንገና ዙሪያ ባለው ደጋ ገብስ፥ ድንችና ግብጦ ይበቅላል። ከዚያ ወደ ዳንግላ ሲወረድ ደግሞ ጤፍ፥ በቆሎና ዳጉሳ ይታያል። ገበሬውን ስለ ነቀዝ ብትጠይቁት የሚነግራችሁ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ዳጉሳ በጎተራ ዓመታት ቢቀመጥ ነቀዝ ብዙ አይደፍረውም፤ ባቄላና አተር ግን ካልተጠበቁ ፈጥነው ይበሳሉ። ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት ግልጽ ነው። የዳጉሳ ፍሬ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነች የነቀዝ ዕጭ በውስጧ ቤት ሠርቶ ሊያድግ አይችልም። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ፍሬ ውስጥ በዓይን የማይታይ አንድ ዘበኛ ደግሞ ተቀምጧል። ይህ ዘበኛ በማን ላይ በሩን እንደሚዘጋ፥ ለማንስ እንደሚለቅ ለይቶ የሚያውቅ ሆኖ መገኘቱ የብዙ አገር ሊቃውንትን ሲያስደንቅ ኖሯል። የዛሬው ንግግራችን ጥያቄም ይኸው ነው፤ ዘር ጠላቱን ለይቶ መያዝን ከማን ተማረ?

ነገሩን ለመረዳት አስቀድመን የምግብን መፍጨት እናስታውስ። ሰውም ሆነ ከብት፥ ነቀዝም ሆነ ትል የበላው እህል ለሰውነቱ የሚሆነው ተቈራርጦ ሲደቅ ብቻ ነው። ይህን የመቈራረጥ ሥራ የሚሠሩት ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ትራይፕሲን የተባለው ፕሮቲንን ይቈርጣል፤ አሚሌዝ የተባለው ደግሞ ስታርችን ወደ ስኳር ይለውጣል። ዘር በበኩሉ ለሚወለደው ቡቃያ ስንቅ ይሆን ዘንድ ፕሮቲንና ስታርች አጠራቅሞ ይይዛል። እንግዲህ ስንቁን ከሌባ ለመጠበቅ ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱ የሌባውን መቍረጫ ማሰር ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀውን ፕሮቲን በዚህ ጽሑፍ ከልካይ ብለን እንጠራዋለን።

እናንተ በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ስለ ሆነ የእልፍኝ አስከልካይን ሥራ ታውቃላችሁ። ጥሩ አስከልካይ ደጅ የሚጠናውን ሁሉ አይመልስም፤ ማን መግባት እንዳለበት ማንም መቅረት እንዳለበት ይለያል። የዘር ከልካይም እንደዚሁ ነው። ከልካዩ ኢንዛይሙን ሁሉ በጅምላ አያስርም። አንዱ ትራይፕሲንን ብቻ ይይዛል፤ አንዱ የነቀዝን አሚሌዝ ይዞ የአሳማን ይለቃል፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱንም ይይዛል።

የዚህ ነገር ምርምር ታሪክ ረጅም ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎች ልብ ይበሉ። በ1894 ዓ.ም. ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤሚል ፊሸር ኢንዛይምና የሚቈርጠው ነገር እንደ ጓጉንቸርና እንደ ቁልፍ የሚገጣጠሙ ናቸው ሲል አስተማረ። በ1917 ዓ.ም. ኦዝበርንና ሜንዴል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጥሬ አኩሪ አተር የተመገቡ አይጦች እንደማያድጉ፥ የተቀቀለ የተመገቡት ግን እንደሚያድጉ አሳዩ። እሳት አንድ ጎጂ ነገር እንዳጠፋ ታወቀ፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ግን ብዙ ዓመት ሳይለይ ቈየ። በ1945 ዓ.ም. ሞዝስ ኩኒትዝ ከአኩሪ አተር ትራይፕሲንን የሚያስር ፕሮቲን አጥርቶ በክሪስታል መልክ ለማውጣት ቻለ። ይኸው ሊቅ ከጓደኛው ከኖርዝሮፕ ጋር ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ከልካይ በበሬ ቆሽት ውስጥ አግኝቶ ነበር። የበሬ ቆሽት ራሱ የሚሠራው ኢንዛይም ራሱን እንዳይበላው ከልካይ ያስቀምጣል ማለት ነው። እንግዲህ ከልካይ የዕፅዋት ብቻ ሳይሆን የእንስሳትም ጥንታዊ ዘዴ ነው።

ከልካዩ ኢንዛይሙን የሚይዝበት መንገድ ብልሃት ያለበት ነው። ከአካሉ እንደ ጣት ወጣ ያለ አንድ ክፍል አለው። ኢንዛይሙ ይህን ጣት ዘወትር የሚቈርጠው ምግብ መስሎት ይጎርሰዋል። ጣቱ ግን በጽኑ የታሰረ ስለ ሆነ ኢንዛይሙ ቶሎ ቈርጦ አይጥለውም፤ አፉን ሞልቶ እንደ ያዘው ይቀራል። በጣቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠው አሚኖ አሲድ ላይሲን ወይም አርጂኒን ከሆነ የሚጎርሰው ትራይፕሲን ነው። ሊውሲን፥ ታይሮሲን ወይም ፊኒላላኒን ከሆነ ኪሞትራይፕሲን የተባለው ይያዛል። ስለዚህ አንዲት አሚኖ አሲድ ብትለወጥ የሚታሰረው ጠላት ሊለወጥ ይችላል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትመልከቱት፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዳጉሳችን እንመለስ። ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፥ በኢትዮጵያና በዩጋንዳ አካባቢ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ። ከዚህ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገባ፤ በዚያም ራጊ ተብሎ የብዙ ሰው ምግብ ሆነ። የዳጉሳ ከልካይ በዓለም የታወቀውም ራጊ በሚለው በሕንዱ ስም ነው። በ1983 ዓ.ም. ካምፖስና ሪቻርድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች 122 አሚኖ አሲዶች በተራ ተያይዘው የሠሩት መሆኑን ዘርዝረው ጻፉ። አካሉም በአምስት የድኝ ማሠሪያዎች የተቈለፈ ነው። ከሌሎች ከልካዮች የሚለየው ግን ሁለት ፊት ያለው በመሆኑ ነው። በአንዱ ፊት ትራይፕሲንን፥ በሌላው ፊት አሚሌዝን ይይዛል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ስለማይሻማ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አስሮ ለመቆም ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የአካሉ ቅርጽ ተለይቶ ታወቀ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በዱቄት ውስጥ ከሚራባው ብጫ ትል የወጣውን አሚሌዝ ይዞ ሳለ ቅርጹ በክሪስታል ታየ። የከልካዩ የመጀመሪያ ጥቂት አሚኖ አሲዶች እንደ ሽብልቅ ወደ አሚሌዙ ጉድጓድ ገብተው ስታርች የሚገባበትን መንገድ ደፍነውት ተገኙ።

ይህ ባለ ሁለት ፊት ዘበኛ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ዘመዶች አሉት። በስንዴ፥ በገብስና በበቆሎ ውስጥ ያንኑ አካል የያዙ፥ በተመሳሳይ የድኝ ማሠሪያ የተቈለፉ ፕሮቲኖች ይገኛሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹ ትራይፕሲንን ብቻ፥ አንዳንዶቹ አሚሌዝን ብቻ ይይዛሉ። ከስንዴዎቹ መካከል የነፍሳትንም የሰውንም አሚሌዝ የሚያስር አለ፤ የቅርብ ዘመዱ ሆኖ ሳለ የነፍሳትን ብቻ የሚያስርም አለ። ከዚህ የምንረዳው በጥንት ዘመን አንድ ጂን ነበረ፤ ይህ ጂን በዘር መተላለፍ ውስጥ በአጋጣሚ እየተባዛ ሁለት፥ አራት፥ ብዙ ሆነ። አንዱ ቅጂ የቀድሞውን ሥራ ሲጠብቅ ሌላው ቅጂ ለመለወጥ ነጻነት አገኘ። ቤቱ ሳይፈርስ በሩና መስኮቱ ተለወጠ እንደ ማለት ነው። ቤቱን የሚያቆሙት የድኝ ማሠሪያዎች እንዳሉ ይኖራሉ፤ ጠላትን የሚገናኘው ፊት ግን ይቀያየራል።

ይህ አባባል ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የታወቀ ምርምር እንጥቀስ። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማይክል ላስኮውስኪ ከባልደረቦቹ ጋር የመቶ ዓይነት ወፎችን ዕንቍላል ሰበሰበ። በዕንቍላል ነጩ ክፍል ውስጥ ከልካይ ፕሮቲን አለና፥ የአንዱን ከአንዱ አስተያዩ። በዚያን ዘመን የነበረው ልማዳዊ አስተሳሰብ የአንድ ፕሮቲን ዋና የሥራ ቦታ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሥራ የሌለው ዳር ዳሩ ነው የሚል ነበር። በ1987 ዓ.ም. ያወጡት ጽሑፍ ግን ተቃራኒውን አሳየ። ከሁሉ ይልቅ ከወፍ ወደ ወፍ የሚለዋወጠው በቀጥታ ኢንዛይሙን የሚነካው ቦታ ነው። በጣቱ ጫፍ በቱርክ ዶሮ ሊውሲን፥ በጃፓን ድርጭት ላይሲን ተቀምጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሂልና ሄስቲ የተባሉ ሊቃውንት በአይጦች ደም ውስጥ በሚገኙ ከልካዮች ላይ ያንኑ ጠባይ አዩ።

ምክንያቱ ምንድን ነው ብሎ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶች ጠላት ሲለወጥ ከልካዩም በግድ ስለሚለወጥ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ ቅጂዎቹ ሲበዙ ሥራው ስለሚላላ ለውጡ በአጋጣሚ የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል ሲሉ ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። አጋጣሚ አዲሱን ጣት ያቀርባል፤ ጠላት ደግሞ ከቀረቡት መካከል የሚጠቅመውን ያስመርጣል። ዘር በራሱ አስቦ አልተማረም፤ ያስተማሩት የሞቱት ዘሮችና ያመለጡት ዘሮች ናቸው።

ጠላት እንዴት እንደሚያስመርጥ ከቦሎቄ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ቦሎቄ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ ዛሬ ግን በአገራችን በተለይ በስምጥ ሸለቆ በብዛት ይዘራል። በቦሎቄ ፍሬ ውስጥ አሚሌዝን የሚያስር ከልካይ አለ። እርሱም ከሌክቲን ወገን፥ ማለት ስኳርን ከሚይዙ የዘር ፕሮቲኖች ወገን በመባዛትና በመለወጥ የተገኘ ነው። ይህ ከልካይ በእስያና በአፍሪካ ሽምብራንና አደንጓሬን የሚበሱትን ነቀዞች ይገታል። በትውልድ አገሩ በመካከለኛው አሜሪካ ከርሱ ጋር የኖረውን ነቀዝ ግን አይገታውም። በእኛም አገር የቦሎቄን ጎተራ የሚያጠፋው በዋናው ከዚያ ተከትሎት የመጣው ይኸው ነቀዝ ነው። ለምን? ምክንያቱም ከቦሎቄ ጋር ለዘመናት የኖረው ነቀዝ አሚሌዙን ለውጦ ጣቱን መጉረስ ትቷል፤ ከዚህም አልፎ ከልካዩን ራሱን የሚቈርጥ ኢንዛይም አለው። እንግዳው ነቀዝ ተያዘ፤ ጎረቤት የሆነው ግን የበሩን ጠባይ ስለሚያውቅ አመለጠ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ዓመታት አንዳንድ የዱር ቦሎቄዎችን ሲመረምሩ ሁለተኛ ከልካይ አገኙ። ይህ ሁለተኛው ከፊተኛው ጋር በመቶ 78 ያህል የሚመሳሰል ሲሆን፥ በቀረው ልዩነት ያመለጠውን ነቀዝ አሚሌዝ ያስራል። ፊተኛው የሚያስረውን የአሳማን አሚሌዝ ግን አይነካም። የታረሰው ቦሎቄ ያልያዘውን መልስ የዱሩ ዘመዱ ይዞ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሰውም ይህን ዘዴ ባየ ጊዜ ሊጠቀምበት ፈለገ። በ1972 ዓ.ም. ግሪንና ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የድንችና የቲማቲም ቅጠል በነፍሳት ሲቈሰል ከልካይ እንደሚያመርት አሳይተው ነበር። በእንጅባራ አካባቢ ዛሬ በሰፊው የሚታረሰው ድንች በ1858 ዓ.ም. ገደማ በጀርመናዊው ሺምፐር አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ የገባ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ይህን የመከላከያ ጠባዩንም ይዞ መጥቷል። በ1987 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የአደንጓሬ ከልካይ ጂን በትምባሆ ውስጥ ተጨምሮ ትምባሆው ትልን ሲቋቋም ታየ። ደስታው ግን ብዙ አልቈየም። በ1995 ዓ.ም. የሆላንድ ተመራማሪዎች ከልካይ ያለበትን ቅጠል የበላ ትል በአንጀቱ ውስጥ ከልካዩ ሊያስረው የማይችለውን ሌላ ኢንዛይም እንደሚያበዛ አረጋገጡ። በር ሲዘጋ ትሉ መስኮት ከፈተ።

ሌላም ትምህርት ተገኘ። በአውስትራሊያ የቦሎቄውን ከልካይ ወደ አተር አሻግረው የአተርን ነቀዝ ለመከላከል በእርግጥ ቻሉ። የአተር ነቀዝ በአማራ ክልል ያሉ ገበሬዎችንም የሚያስለቅስ ተባይ ስለ ሆነ፥ ይህ ለእኛም ትልቅ ተስፋ በሆነ ነበር። ነገር ግን ፕሮቲኑ በአተር ውስጥ ሲሠራ የሚለብሰው የስኳር ልብስ ትንሽ ተለየ። በ1998 ዓ.ም. ሳይሆን ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በ2005 ዓ.ም. አይጦች ይህን አተር በልተው ሰውነታቸው እንደ ባዕድ ስለ ተቃወመው ሥራው ቆመ። በ2013 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ምርመራ ደግሞ አይጦች ለተራው ቦሎቄም ተመሳሳይ መልስ እንደሚሰጡ አመለከተ። ፍርዱ የቱም ይሁን የቱ፥ አንድን ከልካይ ከታሪኩ ነቅሎ ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ቀላል እንዳልሆነ ግልጽ ሆነ።

ታዲያ እኛ ይህን ሁሉ ከልካይ በየቀኑ እየበላን እንዴት እንኖራለን? መልሱ በእናቶቻችን ማዕድ ቤት ነው። መቀቀል፥ መቍላትና መጋገር የከልካዩን አካል ይፈታዋል፤ እህልን ማብቀልና ማቡካትም ኃይሉን ይቀንሱታል። ለጠላ ብቅል የሚሆነው ዳጉሳ ሲበቅል ቡቃያው ስንቁን ለራሱ ስለሚፈልገው ዘበኛውን ማሰናበት ይጀምራል። ኩኒትዝ ክሪስታሉን ከማየቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የአገራችን ባለሙያ ሴት ባቄላን ቆልታና ነፍሮ አድርጋ ታቀርብ ነበር። በዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባ እንጠንቀቅ። የአዊ ገበሬ ግብጦን ቆልቶና ቀቅሎ ብዙ ቀን በውኃ የሚዘፈዝፈው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። የግብጦ ምሬት አልካሎይድ ከተባለ ቅመም እንጂ ከከልካይ ፕሮቲን አይደለም፤ ምሬቱን የሚያወጣውም ከእሳቱ ይልቅ ውኃው ነው። ዘር አንድ ጦር ብቻ ይዞ አልተሰለፈም።

ክቡራን አንባቢዎች፤ እስካሁን የተናገርነው ወደ አንድ ነገር ያደርሰናል። ከልካይ ማንን እንደሚይዝ የተጻፈው በጠላቶቹ እጅ ነው። እያንዳንዱ የአገር ዘር ከየትኛው ነቀዝ፥ ከየትኛው ትል ጋር በየትኛው አገር እንደ ታገለ የሚመሰክር መዝገብ ነው። እናንተ የመዝገብ ቤትን ዋጋ ታውቃላችሁ። አንድ ፋይል ለአሥር ዓመት ማንም ሳይጠይቀው አቧራ ሊጠጣ ይችላል። በአሥራ አንደኛው ዓመት ክርክር ተነሥቶ ሲፈለግ ግን፥ ጠፍቷል የሚለው ቃል ባለጉዳዩን ለዘለዓለም ይጎዳዋል። ከዱር ቦሎቄ የተገኘው ሁለተኛው ከልካይ እንደዚህ ያለ የተረሳ ፋይል ነበር። ያ የዱር ቦሎቄ ቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ መልሱም ከርሱ ጋር በጠፋ ነበር።

አገራችን በዚህ ነገር ባዶ እጇን አይደለችም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የዓለም ሰብሎች ከሚመነጩባቸው ማዕከሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት። በ1976 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የዘር ማስቀመጫ ማዕከል ተቋቋመ፤ ሥራውም ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይቀጥላል። ማዕከሉን ለረጅም ዘመን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ሳይሆን በገበሬው እርሻ ላይ ሊጠበቅ ይገባል ብለው በመሥራታቸው በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። አሳባቸው ከዛሬው ንግግራችን ጋር በትክክል ይገጥማል። በበረዶ ክፍል ያለ ዘር የያዘውን ይጠብቃል፤ አዲስ ነገር ግን አይማርም። በእርሻና በጎተራ ያለ ዘር ከነቀዙ ጋር እየታገለ በመዝገቡ ላይ መጻፉን ይቀጥላል።

በዘንገና ዙሪያ በነበረው የእህል መሬት ብዙው ባለፉት ዓመታት ለከሰል የሚሆነው ዲከረንስ የተባለ ግራር ተተክሎበታል። ገበሬው ገንዘብ ያገኘበትን ሥራ መንቀፍ የእኛ ፈንታ አይደለም፤ አሲዳማ የሆነ መሬት አላበቅል ሲለው መፍትሔ ፈልጓል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ለትውልድ የዘራውን የገብስ ወይም የዳጉሳ ዓይነት መዝራት ሲያቆም፥ ከዚያ በኋላ የሚጠፋው እህሉ ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ሊኖር ይገባል። ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለ ምርጥ ዘር ማከፋፈል የሚጻፈው ደብዳቤ በጠረጴዛችሁ ላይ ያልፋል። ያን ደብዳቤ ስትፈርሙ የነባሩ ዘር ናሙና ተወስዶ ተቀምጧል ወይ ብላችሁ መጠየቅ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፥ ነገር ግን ብዙ ነገር የሚያድን ጥያቄ ነው።

ከእንግዲህ በእንጅባራ መንገድ ስታልፉ ዘንገናን ተመልከቱ፤ ውበቱ ይገባዋል። ከዚያም በዳንግላ ገበያ አንድ ጭብጥ ዳጉሳ አንሥታችሁ በመዳፋችሁ ያዙ። ከእያንዳንዷ ትንሽ ፍሬ ውስጥ በሁለት ፊቱ ሁለት ጠላት የሚጠብቅ ዘበኛ ቆሟል። ይህን ዘበኛ ያሠለጠነው ዘመን ተመልሶ አይመጣም፤ የተጻፈውን መዝገብ መጠበቅ ግን በእጃችን ነው።